የኮምፒውተር ዓምድ፦ አማርኛው ለምን ይበላሻል?

ድረ ገጽ መሥራት የጀመራችሁ ልጆች ደጋግማችሁ «አማርኛችን ለምን ይበላሻል?» ትሉናላችሁ። በራሳችን ላይ ከደረሰው እንጀምር።

የሱዳን ጦርነት በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ከመነሣቱ በፊት፣ ካርቱም ካላክላ ስንኖር፣ በመንገድ የተጠፋፉ ዘመዶችን ስም የሚያወጣ ትንሽ ድረ ገጽ ሠርተን ነበር። አንድ ቀን ኢንተርኔት ቤት ገብተን ብንከፍተው ስሙ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆኗል። አጠገባችን የቆሙ አንዲት እናት «የልጄ ስም የታለ?» አሉን። ምን እንበላቸው!

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመካከላችን አንዱ አንዲት ስልክ ቁጥር ለማረም የገጹን ኮድ ገልብጦ በድሮው ኖትፓድ አዲስ ፋይል ላይ ለጠፈው። በዋናው ፋይል ስም ሴቭ ሲያደርግ ኮምፒውተሩ «ፊደሎቹ ይጠፋሉ» ብሎ አስጠንቅቆት ነበር፤ እሱ ግን መብራት ሳይሄድ ልጨርስ ብሎ ሳያነብ «ኦኬ» አለው። ያ ኖትፓድ ካልነገሩት በቀር አዲስ ፋይል ሴቭ የሚያደርገው አንሲ በሚባለው አሠራር ነው፤ አንሲ ደግሞ ለግዕዝ ፊደል ቦታ የለውም። በየፊደሉ ፋንታ አንዳንድ የጥያቄ ምልክት ያስቀምጣል። ፊደሉ አልተደበቀም፣ ጠፍቷል። በደብተር የጻፍናቸውን ስሞች፣ የእናትየዋን ልጅ ጨምሮ፣ እንደገና ጻፍን። በስልክ ተነግሮን በቀጥታ ያስገባናቸውን ግን ቤት ለቤት ዞረን መጠየቅ ነበረብን።

ስለዚህ ገጹ ሲበላሽ መጀመሪያ አበላሸቱን እዩ። ሣጥን ሣጥን ከሆነ ኮዱን አትንኩ፤ ኮምፒውተሩ የአማርኛ ፎንት የለውም ማለት ነው። ዊንዶውስ ኤክስፒ እንዲህ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ቪስታ ግን ኒያላ የሚባለውን ፎንት ይዞ መጣ።

ምልክት የተደፋባቸው የላቲን ፊደሎች ዝብርቅርቅ ካያችሁ ደግሞ ደስ ይበላችሁ፣ ጽሑፉ አለ! በዩቲኤፍ 8 አንድ የአማርኛ ፊደል በሦስት ባይት ይቀመጣል፤ ብራውዘሩ እያንዳንዱን ባይት እንደ አንድ ፊደል ሲቆጥረው ሦስት ሦስት ሆኖ ይወጣል። እንደዚያ ሆኖ ሳለ አርማችሁ ሴቭ እንዳታደርጉት። በኮዱ አናት፣ ሄድ የሚለው ታግ እንደተከፈተ፣ የሜታ ቻርሴቱን መስመር ዩቲኤፍ 8 ብላችሁ አስገቡ። መስመሩ ኖሮም ካልተስተካከለ ሰርቨሩን ጠርጥሩ፤ ሰርቨሩ ሌላ ከተናገረ ብራውዘሩ የሚሰማው እሱን ነው።

ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተጻፈም ፎንቱ ከሌለ በላቲን ይታያል፤ እሱ በመቀየሪያ ፕሮግራም ነው የሚድነው።

ከመንካታችሁ በፊት ግን ቅጂ አስቀሩ፣ አደራ። በሚቀጥለው ሳይዘጋ የቀረ ታግ ስለሚያመጣው ጣጣ እንጽፋለን። ደኅና ሰንብቱ።