ዳታችን ደመና ላይ፣ ደመናው በማን እጅ?

ጎበዝ! በዚህ ሳምንት ስለ ኑሮ ውድነቱ ልጽፍ ተዘጋጅቼ ነበር። ማስታወሻዬ ሁሉ ያለው ታብሌቴ ውስጥ ነበረና ከታብሌቴ ጋር አብሮ ሄደ። ስለዚህ ዛሬ የምጽፈው ስለ ታብሌቱ ነው። "ይሄ ደግሞ ጋዜጣ ላይ የሚወጣ ጉዳይ ነው እንዴ?" የምትሉ ትኖራላችሁ። ትንሽ ታገሱኝ፤ ነገሩ ዞሮ ዞሮ የሚደርሰው እዚያው የምታውቁት ቦታ ነው።

በ2016 ዓ.ም. "የኮሪደር ልማት" በሚል ፒያሳ መፍረስ ስትጀምር እንደ ብዙው የከተማ ሰው እኔም ደንግጬ ወጣሁ። እጄ ላይ የነበረው ይሄው ታብሌት ነው። ዕቃቸውን ጭነት መኪና ላይ እየጫኑ ያሉ ሰዎችን ድምፅ ቀዳሁ። ሻይ ቤት የነበራትን ሴት፣ ሰዓት ጠጋኙን፣ በልጅነቱ እዚያ ሰፈር ጫማ ጠርጎ ያደገውን ነጋዴ። ከሁሉም የማይረሱኝ ግን አንድ አዛውንት ልብስ ሰፊ ናቸው። ከሁለት ሰዓት በላይ አወሩኝ። የማንን ካፖርት እንደሰፉ፣ የትኛው ሹም ሂሳቡን ሳይከፍል እንደሞተ፣ በአብዮቱ ጊዜ መቀሳቸውን አስቀምጠው የት እንደተደበቁ... ወሬውስ ይቅር፣ ሳቃቸው ብቻውን ይበቃ ነበር።

"ይሄን ሁሉ የምትቀዳው ለምንህ ነው ልጄ?" አሉኝ ሲጨርሱ።

"ለታሪክ ነው ጋሼ" አልኳቸው።

ለታሪክ ያልኩትን ዛሬ ነገ እያልኩ ሳልጽፈው ቆየሁ። በጽሑፍ ቁጥር የሚከፈለው ሰው መጀመሪያ የሚጽፈው ለዛሬ ራት የሚሆነውን ነው። በመሀል ሰውዬው አረፉ። እሳቸው ባረፉ በሁለተኛው ሳምንት ታብሌቱ ተበላሸ። ሲበራ አርማው ላይ ይደርስና እዚያው ቆሞ ይቀራል። ጠጋኝ ቤት ወሰድኩት።

"ሶፍትዌሩ ነው፣ ፍላሽ መደረግ አለበት" አለኝ ልጁ። "ዳታው ግን ይሄዳል። ባክአፕ አለህ?"

"አለኝ!" አልኩ በኩራት። ለምን አልኮራ? ሴቲንጉ ውስጥ "ባክአፕ ኦን" የሚል በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ ጠጋኙን አልወቅስም፤ የሚጠየቀውን ጠይቆኛል።

ታብሌቱ ድኖ መጣ። የጉግል አካውንቴን አስገባሁ፣ "ሪስቶር" የሚለውን ነካሁ፣ ጠበቅሁ። ጀርባው ላይ የነበረው ፎቶ ተመለሰ። የዋይፋዩ ፓስወርድ ተመለሰ። ልጆች የጫኑት የመኪና ጨዋታ ሳይቀር ከፓኬጄ እየቀነሰ እንደገና ወረደ። ድምፅ የቀዳሁበትን ፎልደር ከፈትኩ። ባዶ!

ለካስ "ባክአፕ ኦን" ማለት "ሁሉም ነገር ተቀምጧል" ማለት አይደለም። አንድሮይድ በራሱ ወደ ጉግል የሚልከው የፕሮግራሞቹን ዝርዝር፣ የአንዳንዶቹን ጥቂት ዳታ፣ ሴቲንጉን፣ የጥሪ መዝገቡንና የመሳሰለውን ነው። ፎቶና ቪዲዮ በሌላ መንገድ፣ በጉግል ፎቶስ ነው የሚሄደው፤ እሱም ከተከፈተ ነው። በነፃ የሚሰጠው ቦታ ደግሞ 15 ጊጋባይት ነው፤ ኢሜይሉም ፎቶውም እዚያው ውስጥ ይጋፋል። እኔ በድምፅ መቅጃ የቀዳሁት ፋይል በየትኛውም በኩል አልሄደም። ማንም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም።

"ይመለሳል፣ ባለሙያ አውቃለሁ" የሚሉ አልጠፉም። እንዳትሸወዱ። የቅርብ ጊዜ ታብሌት ዳታውን የሚያስቀምጠው ቆልፎ ነው። መሣሪያው ሲጸዳ ቁልፉ አብሮ ይጠፋል። ቁልፉ ከጠፋ በኋላ እመልሳለሁ ባይ ሁሉ የሚመልሰው ነገር የለም፤ የሚወስደው ግን አለ።

እሺ፣ የእኔ ስንፍና የእኔ ነው። አሁን ወደምታውቁት ቦታ እንሂድ።

ይህ "ክላውድ" የሚባለው፣ ደመና ይሉታል እንጂ ሰማይ ላይ የለም። ባሕር ማዶ ያለ የሌላ ሰው መጋዘን ነው። ወደ መጋዘኑ የሚወስደው መንገድ ኢንተርኔት ነው። መንገዱን የሚዘጋውና የሚከፍተው ማን ነው? ግንቦት 2009 ዓ.ም. ፈተና ነው ተብሎ ተዘጋ። ሰኔ 2012 ዓ.ም. አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ሲገደል አገሩ በሙሉ ለሦስት ሳምንት ያህል ጨለመ። ትግራይ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ከሁለት ዓመት በላይ ተዘግታ ኖረች። በአማራ ክልል ደግሞ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ጠፋ። የሚገርመው "ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025" የተባለው ስትራቴጂ የጸደቀው በዚያው በ2012 ዓ.ም. ነው! በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ካልሆነ አይቀዳም ተባለ። በአንድ እጅ "ኑሯችሁን ሁሉ ወደ መስመሩ አስገቡ" እያሉ በሌላው እጅ መስመሩን መዝጋት ምን ይባላል? እናንተው ስም ስጡት።

አንድ ነገር ልጨምር። አንድ መሣሪያ ለ57 ቀን ጥቅም ላይ ካልዋለ ጉግል ባክአፑን እንደሚያጠፋው ራሱ ይናገራል። በሰላሙ አገር ይሄ ምንም አይደለም፤ 57 ቀን ታብሌቱን ሳይነካ የሚቀመጥ ማን አለ? እኛ ዘንድ ግን በሁለት ዓመት ውስጥ ስንት 57 ቀን እንዳለ ቆጥራችሁ ድረሱበት። መብራት ጠፍቶ፣ ኔትወርክ ተቆርጦ፣ ሰው ቤቱን ጥሎ ሲሸሽ፣ ባሕር ማዶ ያለው መጋዘን "ይህ ሰው ዕቃውን አይፈልገውም ማለት ነው" ብሎ ቢያወጣበት ለማን አቤት ይባላል?

ስለዚህ ቅጂው እጃችሁ ውስጥ ይሁን ነው የምለው። በገመድ። ኢንተርኔት ሳይጠይቅ።

የእህቴ ልጅ ኮሌጅ ኮምፒውተር ይማራል። ሐዘኔን አይቶ "አጎቴ፣ ያለፈው አልፏል፤ ለሚመጣው ላሳይህ" አለኝ። ያሳየኝ "ኤዲቢ" የሚባል ጉግል በነፃ የሚሰጠው መሣሪያ ነው። ኮምፒውተር ላይ በጥቁር መስኮት ውስጥ ትእዛዝ እየተጻፈ ነው የሚሠራው። ለእንደኔ ዓይነቱ ደግሞ በጎ ፈቃደኞች በላዩ ላይ ቀላል ፕሮግራም ሠርተውለታል። ቁጥር መንካት ብቻ ነው፤ አንዱ ባክአፕ ያደርጋል፣ ሌላው ሪስቶር።

መጀመሪያ ግን ታብሌቱ መፍቀድ አለበት። ሴቲንግ ተገብቶ "አባውት ታብሌት" የሚለው ውስጥ "ቢልድ ነምበር" የሚለውን ሰባት ጊዜ መምታት ነው። እውነቴን ነው፣ ሰባት ጊዜ! እንደ ጠበል። ከዚያ "ዴቨሎፐር ኦፕሽንስ" የሚባል አዲስ በር ይከፈታል፤ እዚያ ውስጥ "ዩኤስቢ ዲበጊንግ" የሚለውን ማብራት። ገመዱ ሲሰካ ታብሌቱ "ይህን ኮምፒውተር ልመነው?" ብሎ ይጠይቃል፤ እሺ ይባላል። ባክአፑ ሲጀመር ደግሞ ፓስወርድ ይጠይቃል። ይሰጠው፣ በወረቀትም ይጻፍ። ፓስወርዱ ከጠፋ ፋይሉ ቢኖርም የለም። ሲጨርሱ "ዩኤስቢ ዲበጊንጉን" መልሶ ማጥፋት ነው፤ ክፍት በር ትቶ መተኛት ጥሩ አይደለም።

የሞከርነው በእህቴ አሮጌ ታብሌት ነው፤ አንድሮይድ 7 ነው። አርባ ደቂቃ ያህል ፈጅቶ አንድ ትልቅ ፋይል ወጣ። በዚህ በቃ ብዬ ልነሳ ስል ልጁ "ቆይ፣ አሁን ታብሌቱን እናጽዳው" አይል መሰላችሁ!

"አንተ ልጅ! የቤተሰቡን ፎቶ እንዳታጠፋብኝ!" አለች እህቴ ከጓዳ።

"እማዬ፣ ካልሞከርነው ይሥራ አይሥራ በምን እናውቃለን?"

ፎቶዎቹን ለብቻ በእጅ ገልብጠን፣ እሷን በቡና አረጋግተን፣ ታብሌቱን አጸዳነው። ከዚያ ሪስቶር። ያን ያህል ጊዜ ትንፋሼን ይዤ የጠበቅሁት የፈተና ውጤት ብቻ ነው። ፕሮግራሞቹ ተመለሱ፣ የዕቁብ ማስታወሻዋ ከነሂሳቡ ተመለሰ፣ ፋይሎቹ ተመለሱ። የባንኩ ፕሮግራም ግን ባዶውን ነው የተመለሰው፤ አንዳንድ ፕሮግራም ዳታዬ አይገለበጥ ብሎ ይከለክላል። የኔም ባዶ ፎልደር ያስተማረኝ ይህንኑ ነው፤ "ተቀምጧል" የሚል ቃል ማመንና ከፍቶ ማየት ሰማይና ምድር ናቸው።

አሁን ልብ በሉ። ይህ መሣሪያ ፍቱን የሆነው ለአሮጌው ነው። ከአንድሮይድ 12 ጀምሮ፣ ማለትም በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ከወጣው ወዲህ፣ አብዛኞቹ አዳዲስ ፕሮግራሞች ዳታቸው በዚህ መንገድ አይወጣም። ጉግልም መሣሪያውን ወደፊት ሊያነሳው እንደሚችል አስጠንቅቋል። አዲስ ታብሌት ያላችሁ እንግዲህ አሮጌውን ዘዴ ያዙ፦ ገመዱን ሰክቶ ፎልደሩን መገልበጥ። ገመዱ ሲሰካ ታብሌቱ ቻርጅ ብቻ እያደረገ ዝም ይላል፤ ከላይ ወደ ታች ስባችሁ "ፋይል ትራንስፈር" የሚለውን ምረጡ። ከዚያ የካሜራውን ፎልደር፣ የድምፁን፣ የሰነዱን መገልበጥ ነው። ስልክ ቁጥሮችን "ኮንታክት" ውስጥ ገብቶ "ኤክስፖርት" ቢባል ሁሉም በአንድ ፋይል ይወጣል። ኮምፒውተር የለኝም የሚል "ኦቲጂ" የምትባለዋን ትንሽ መገናኛ ገዝቶ ፍላሹን ታብሌቱ ላይ መሰካት ይችላል፤ አብዛኛው ታብሌት ይቀበላል።

ገመድ ስል... መንገድ ላይ በርካሽ ከሚሸጠው ውስጥ ቻርጅ ብቻ እንጂ ዳታ የማያሳልፍ አለ። ሽቦው ጎድሎ ነው የተሠራው። ታብሌቱ ኮምፒውተሩ ላይ አልታይ ካለ ታብሌቱን ከመሳደብ ገመዱን ቀይሩ። ፍላሽም እንደዚያው፤ 64 ጊጋባይት ተጽፎበት ሩቡን የማይዝ የውሸት ፍላሽ ገበያውን ሞልቶታል። ሞልታችሁት የመጨረሻዋን ፋይል ከፍታችሁ ሳታዩ አትመኑት።

የኛን ሙያ ለያዘ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ፍላሽ ኪስ ውስጥ ይገባል፤ ኪስ ደግሞ ይፈተሻል። አንድ ጋዜጠኛ ሲያዝ ስልኩና ኮምፒውተሩ አብረው እንደሚወሰዱ አንባቢ ያውቃል። የገለበጥነው ነገር ውስጥ አምኖ የነገረን ሰው ስም አለ። ስለዚህ ያለ ፓስወርድ የሚቀመጥ ቅጂ ለራስ ባክአፕ፣ ለሌላው ክስ ነው። አንዱ ቅጂ ቤት፣ ሌላው ከሙያው ውጭ የሆነ የሚታመን ሰው ዘንድ፣ ሁለቱም ተቆልፈው። ይሄ ፍርሃት አይደለም፤ ባለውለታን አለማጋለጥ ነው።

ሁለት ቦታ ማስቀመጥ ደግሞ ከፈረንጅ የመጣብን እንዳይመስላችሁ። አባቶቻችን አንድ ዳዊት በአንድ ገዳም ብቻ እንዳይቀር ብራና ፍቀው ሲገለብጡ ኖረዋል። በ1960ዎቹ አጋማሽ ደግሞ የብራና መጻሕፍቱን በማይክሮፊልም የማንሳት ሥራ ተጀምሮ፣ አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ፣ አንዱ አሜሪካ ሚኒሶታ ተቀመጠ። ከ9 ሺህ በላይ መጻሕፍት ተነሱ። ብዙውን ካታሎግ ያዘጋጁት በስደት እዚያ የኖሩትና በ2013 ዓ.ም. ያረፉት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። ከዚያ ወዲህ በጦርነቱም በሌባውም ስንት ብራና ጠፋ! ከጠፋው ውስጥ ፊልሙ የተነሳለት ቢያንስ ይነበባል።

የልብስ ሰፊው ልጅ ባለፈው ደወለችልኝ። "ወንድሜ፣ ለአርባው ዘመድ ሲሰበሰብ የአባቴን ድምፅ እናሰማ ብለን ነው፤ ያንን የቀዳኸውን ላክልኝ" አለችኝ። ያወራሁት ውሸት ነው። "እየፈለግሁት ነው" አልኳት። ማታውን መልሼ ደውዬ እውነቱን ነገርኳት። ዝም አለች። ቀጥላ "ሳቁም አልቀረ?" አለችኝ።

በዚያ ሰሞን ፒያሳ ብዙ ወጣት ስልኩን ከፍቶ ይቀርጽ ነበር። ከሲኒማ ቤቱ ጀርባ በነበረችው ጠባብ ሱቅ በር ላይ፣ ግራጫ ኮፍያ አድርገው፣ የእግር መኪና አጠገባቸው አቁመው ሲስቁ አንድ አዛውንት የቀረጸ ካለ፣ ግማሽ ደቂቃም ብትሆን፣ በጋዜጣው ዝግጅት ክፍል በኩል ያሳውቀኝ። አርባው ሊደርስ 11 ቀን ቀርቶታል። በኢንተርኔት ላኩልኝ አልልም፤ ያላችሁበት ድረስ ገመዴን ይዤ እመጣለሁ።