ከዘበኛው ጀርባ

በምሠራበት ቢሮ አንድ ቅዳሜ ፌስቡክና ዩቲዩብ ተዘጉ። ሰኞ ጠዋት ሁላችንም «ይህ ገጽ ታግዷል» ከሚል ጽሑፍ ጋር ተፋጠጥን። ከጎኔ የሚቀመጠው የሂሳብ ሠራተኛ ግን እስከ ምሳ ሰዓት ከቁጥር ጋር ሲታገል አረፈደ። ታታሪነቱ አስገርሞኝ ጠጋ ብል የሚደምራቸው 2፣ 4፣ 8፣ 16 እያሉ የሚሄዱ ናቸው። 2048 የሚባለው ጌም ነው። የአለቃችን ጫማ ኮሪደሩ ላይ ቋ ቋ ሲል ሁለት ቁልፍ ይነካል፤ የደመወዝ ሠንጠረዡ ከች ይላል።

ጌሙን እ.ኤ.አ. በ2014 የሠራው ጋብሪኤሌ ቺሩሊ የተባለ የ19 ዓመት ጣሊያናዊ ነው። በአንድ ቅዳሜና እሁድ ጨርሶ ኮዱን በነፃ ለቀቀው። ማንም ወስዶ በፈለገው አድራሻ ይሰቅለዋል። ማገጃው ደግሞ በአብዛኛው የሚያውቀው አድራሻ ነው፤ የስም ዝርዝር ይዞ በር ላይ እንደቆመ ዘበኛ። ስሙን ቀይሮ የመጣውን «ይለፉ ጌታዬ» ብሎ ያስገባል። የአሜሪካ ተማሪዎችማ ጌሙን የሚሰቅሉት ጎግል ሳይትስ ላይ ነው። መምህሩም የቤት ሥራ የሚለጥፈው እዚያው ስለሆነ፣ ጠቅላላውን እንዝጋ ቢሉ የቤት ሥራውም አብሮ ይዘጋል።

የእኛ ቢሮ ማገጃ ማንን ያዘ መሰላችሁ? የግዢ ክፍሏን እትዬን። አቅራቢዎቻችን ዋጋ የሚለጥፉት ፌስቡክ ላይ ነው፤ ሴትዮዋ ከኪሳቸው ካርድ እየሞሉ በስልካቸው ዋጋ ሲያነጻጽሩ ከረሙ። ተጫዋቹ ሂሳብ ሠራተኛ ግን ደመወዛችንን አንድም ወር አላዘገየም። ሥራውን ለሚያደርስ ሰው ዘበኛ ማቆም ለምን እንዳስፈለገ እስካሁን አልገባኝም።

አንድ ዓርብ ኢንተርኔቱ ጭራሽ ጠፋ። ክሮም ኔትወርክ ሲያጣ የሚያወጣው ትንሹ ዳይኖሰር በየስክሪኑ ብቅ አለ፤ ስፔስ ሲመታ ቁልቋል እየዘለለ ይሮጣል። ክፍሉ በሙሉ ጠቅ ጠቅ ሆነ። (ለድርጅቶችና ለትምህርት ቤቶች ማጥፊያ አለው፤ የአይቲው ልጅ አላወቀም፣ ወይም እሱም ይወደዋል።)

«አንተ ልጅ፣ ይሄንንስ ለምን አልዘጋኸውም?» አሉት እትዬ።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ በኔትወርክ አይመጣም። እዚሁ ማሽኑ ውስጥ ነው ያለው።»

«እንግዲያው የእኔን ፌስቡክ መልስልኝ!»