ስለ ጠፋው ቁልፍ አመሰግናለሁ

ይድረስ ለፊልም ዳይሬክተር ጄረሚ ሶልኒዬ፤

በ«ብሉ ሩይን» ፊልምዎ ባለታሪኩ ድዋይት፣ ወላጆቹን ገድሏል ተብሎ የታሰረውን ሰው በተፈታ ዕለት መጸዳጃ ቤት ውስጥ አድፍጦ በቢላ ይገድለዋል። እንዳይከተሉት ብሎ የደመኞቹን ሊሞዚን ጎማ ሲቀድ የገዛ እጁን ይቆርጣል። ኪሱን ቢዳብስ የመኪናው ቁልፍ የለም። ምርጫ ሲያጣ ጎማውን ራሱ በቀደደው ሊሞዚን ይሸሻል። ጥሏት የሄደው አሮጌ መኪና የተመዘገበችው ደግሞ በእህቱ አድራሻ ነው። መጀመሪያ ሳቅሁ፤ በዚያ አድራሻ የሚኖሩት የእህቱ ልጆች ትዝ ሲሉኝ ግን ሳቄ ጠፋ።

በእኛ አገር ቀረርቶና ፉከራ ደም መላሽ እጁ አይንቀጠቀጥም፣ ተኩሶም አይስትም። ልብ አንጠልጣይ ፊልሞችም ያስለመዱን ይህንኑ ነው፤ ትናንት ደብተር ሲያርም የዋለ መምህር ዛሬ ሽጉጥ ሲጨብጥ አልሞ ተኳሽ ይሆናል። የእርስዎ ድዋይት ግን እግሩ ላይ የተሰካውን ፍላጻ ራሱ ሊያወጣ ይታገልና፣ ሲያቅተው ሆስፒታል ይሄዳል። እኔም ብሆን የማደርገው ይህንኑ ነው።

ይህ ሰው እንዲህ የታመነልኝ በከፊል በገንዘብ እጦትዎ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2007 ፊልምዎ «መርደር ፓርቲ» በስላምዳንስ ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት ቢያገኝም በሩ አልተከፈተልዎትም፤ ለዓመታት የሌሎችን ፊልም ሲቀርጹ ኖሩ። «ብሉ ሩይን»ን የሠሩት ከሕዝብ በተዋጣ ገንዘብ፣ በክሬዲት ካርድ ዕዳና በቤተሰብ ቁጠባ ነው። ካሜራውንም እርስዎ ራስዎ ያዙ። ባለሀብት ቢገባበት ኖሮ ታዋቂ ፊት ይጠይቅ ነበር፤ ታዋቂ ፊት ደግሞ እንደማይሞት ሁላችንም እናውቃለን። እርስዎ ግን በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ አብሮ አደግዎ የነበረውን ሜከን ብሌርን አቆሙልን። ያ ፊት ቀጣዩን ሰዓት ይኑር አይኑር የሚያውቅ አልነበረም። ሰንዳንስ ፊልሙን አልቀበልም አለ፤ በ2013 ካን ላይ ግን የዓለም አቀፍ ሃያስያን ሽልማት ተሰጠው።

«ግሪን ሩም»ን አንዴ አይቻለሁ፤ ያ በበሩ በኩል የወጣው ክንድ ባለበት ሁለተኛ አላየውም። «ሆልድ ዘ ዳርክ» ግን፣ እውነቱን ልንገርዎ፣ ከልቤ አልገባም። በ2024 «ሬብል ሪጅ» ሲመጣ ታረቅን። ባለታሪኩ ቴሪ የአጎቱን ልጅ በዋስ ሊያስፈታበት የያዘውን ገንዘብ ፖሊሶች ይነጥቁታል፤ የሚነጥቁትም አሜሪካ ውስጥ በእርግጥ ባለ ሕግ ተከልለው ነው። ድዋይት መግደል ሳይችልበት ገደለ፤ ቴሪ ደግሞ የማሪን ወታደር ሆኖ የሠለጠነ ሳለ ላለመግደል ይጠነቀቃል። ከአንድ እጅ ሁለቱም መውጣታቸው ያስደንቀኛል።

ለባለቤትዎም ምስጋናዬን ያድርሱልኝ። ለድዋይት ፊልም ሲባል የጡረታ ቁጠባቸውን አውጥተዋልና የእሳቸው ድርሻ ከማንኛውም ፕሮዲውሰር አያንስም።

አክባሪዎ፣
አንድ ተመልካች