«ምች ነው» ተብሎ አይታደር!

አዲስ መድኃኒት ከጀመራችሁ ሁለት ወር ካልሞላችሁ፣ ትኩሳት ከያዛችሁ፣ ዓይናችሁ ከቀላ፣ ከንፈራችሁ ወይም አፋችሁ ከቆሰለ፣ ቆዳችሁም ሲነካ የሚያቃጥላችሁ ከሆነ ማንበቡ ይቆይ። የሚቀጥለውን ኪኒን ሳትውጡ፣ የመድኃኒቱን ካርቶን ይዛችሁ ዛሬውኑ ሆስፒታል ሂዱ።

ሌሎቻችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

አንዳንድ መድኃኒት የሚያስነሣው ይህ በሽታ ሲጀምር ምች ይመስላል። ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ የከንፈር ቁስል ሲታይ «ምች መቶት ነው» ተብሎ ዳማከሴ ያልታሸበት ቤት የት አለ? በዳማከሴው ጠብ የለኝም። የሚያስፈራኝ በአንድ በኩል ዳማከሴ እየታሸ በሌላ በኩል ያው ኪኒን ጠዋትና ማታ መዋጡ ነው። ጥቂት ቀን ሲያልፍ ፊትና ደረት ላይ ሽፍታ ይወጣል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ ቆዳው በጣት ሲገፋ ይላጣል። ሐኪሞች ስቲቨንስ-ጆንሰን ሲንድሮም ይሉታል፤ በ1922 እ.ኤ.አ. በሁለት ልጆች ላይ አይተው በጻፉት አሜሪካውያን ሐኪሞች ስም ነው። የተላጠው ቆዳ ከገላው 30 በመቶ ሲያልፍ ቶክሲክ ኤፒደርማል ኔክሮሊሲስ ይባላል፤ ያ ደረጃ ከሦስት ታማሚዎች አንዱን ያህል ይገድላል።

በሽታው የሚነሣው መድኃኒቱ ጊዜው አልፎበት ወይም ከመጠን በላይ ተወስዶ አይደለም። ቆዳውን የሚገድለው የገዛ ሰውነታችን የበሽታ መከላከያ ነው። በሴሎቻችን ገጽ ላይ ኤችኤልኤ የሚባሉ ፕሮቲኖች አሉ። ልክ በር ላይ እንደሚታይ መታወቂያ፣ በሴሉ ውስጥ ያለውን ነገር ቁራጭ አውጥተው ቲ-ሴል ለተባሉት ነጭ የደም ሴሎች ያሳያሉ። ቫይረስ የገባበት ሴል የቫይረሱን ቁራጭ ሲያሳይ ቲ-ሴሉ ይገድለዋል። አንዳንድ መድኃኒት ደግሞ የተወሰነ ዓይነት ኤችኤልኤ ባለው ሰው ላይ እዚያው ፕሮቲን ላይ ይጣበቅና ጤነኛውን የቆዳ ሴል ባዕድ ያስመስለዋል። የሚያጠቁት ቲ-ሴሎች እስኪራቡ ቀናት ይፈጃል። ስለዚህ ጣጣው የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከአራተኛው ቀን በኋላ ነው። «ሁለት ሳምንት ስውጠው ምንም አላደረገኝም» ማለት ዋስትና አይሆንም።

ጥቂት ቲ-ሴሎች ያን ሁሉ ቆዳ እንዴት ያረግፉታል? መልሱ የተገኘው በ2008 እ.ኤ.አ. ነው። የታይዋን ተመራማሪዎች ከታማሚዎቹ ቆዳ በተቀዳው የቋጠረ ውሃ ውስጥ ግራኑላይሲን የተባለ ፕሮቲን በብዛት አገኙ፤ አይጥ ቆዳ ውስጥ ሲወጉትም ተመሳሳይ ቁስል አወጣ። ግራኑላይሲን ከቲ-ሴሉ ወጥቶ ስለሚፈስ፣ ቲ-ሴሉ ያልነካቸውን ሴሎች ጭምር ይገድላል። ኪኒኑ እስከተዋጠ ድረስ ምርቱ አይቆምም፤ አንድ ቀን ቀድሞ ማቆም እንኳ ነፍስ የሚያተርፈው ለዚህ ነው።

በተደጋጋሚ የሚጠረጠሩት ባክትሪም የምንለው ኮትሪሞክሳዞል፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶቹ ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን፣ የሪህ መድኃኒቱ አሎፑሪኖል፣ እንዲሁም የኤችአይቪ መድኃኒቱ ኔቪራፒን ናቸው። ኤችአይቪ በደማቸው ያለ ሰዎች አደጋቸው ከሌላው ሰው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ታዲያ ማንም ይህን አንብቦ ደኅና ሆኖ ሳለ ኪኒኑን እንዳይጥል! በሽታው በዓመት ከሚሊዮን ሰው ጥቂቱን ብቻ የሚያገኝ ነው፤ ባክትሪም ግን የብዙዎችን ሕይወት አትርፏል። የሚጥል በሽታ መድኃኒትን በድንገት ማቆምም የራሱ አደጋ ስላለው፣ ምልክቱ የታየበት ሰው ያን ዕለት ሐኪም ዘንድ ደርሶ ሌላ ዓይነት ሊተካለት ይገባል። ከላይ ካነሣኋቸው ከሦስቱ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች አንዱ የጎዳውን ሰው ሌሎቹም ሊጎዱት እንደሚችሉ ለሐኪሙ አስታውሱት።

በእስያ አንዳንድ አገሮች ካርባማዜፒን ከመታዘዙ በፊት ኤችኤልኤ-ቢ*15:02 የተባለው ዓይነት በደም ይመረመራል። በ2004 እ.ኤ.አ. ታይዋን ውስጥ የተመረመሩት፣ ካርባማዜፒን ይህን በሽታ ያመጣባቸው 44 ታማሚዎች ሁሉም ይህ ዓይነት ነበራቸው። በአፍሪካ ግን እሱ እጅግ ብርቅ ስለሆነ ያ ምርመራ ለእኛ ብዙም አይፈይድም። የቀረን የራሳችን ዓይንና ፍጥነት ነው።

በተላጠ ቆዳ ላይ ቅቤም ቅጠልም አትቀቡ። ሆስፒታል ስትደርሱ ዓይኑን የዓይን ሐኪም በጊዜ እንዲያየው ወትውቱ፤ ከሞት የተረፉ ብዙዎች ብርሃናቸው የሚደክመው ጠባሳው ዓይን ላይ ስለሚቀር ነው። የዳነ ሰው ያንን መድኃኒት ዳግመኛ መቅመስ የለበትም፤ ሁለተኛው ጊዜ ፈጥኖና ከፍቶ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ የመድኃኒቱን ስም ካርዱ ላይ በጉልህ አስጽፉ፤ ፋርማሲ በገባችሁ ቁጥርም አሳዩ። የሚጻፈው የንግድ ስሙ ብቻ አይሁን፤ ባክትሪም በሌላ ካርቶን፣ በሌላ ስም ይሸጣልና «ኮትሪሞክሳዞል» ተብሎ ይጻፍ።