የቡድሃ ምስል በቤት ውስጥ፤ ስለ አመራረጡና ስለ አጠባበቁ

በመደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ዕቃ የባለቤቱን ጠባይ ለእንግዳ ይነግራል። ወገኖቻችን ወደ እስያ አገሮች በመንግሥት ሥራና በንግድ ሲመላለሱ የቡድሃን ምስል ገዝተው ወይም በስጦታ ተቀብለው ይመለሳሉና፥ አመራረጡንና አጠባበቁን በዛሬው ዓምዳችን ባጭሩ እናስረዳለን።

ቡድሃ የተባለው ሲዳርታ ጎታማ ዛሬ በኔፓል ውስጥ በሚገኘው በሉምቢኒ የተወለደ፥ ቤቱንና ክብሩን ትቶ የመነነ የመሳፍንት ልጅ ነው። ታሪኩም ለእኛ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አባ ዕንባቆም ከዓረብኛ ወደ ግዕዝ የመለሱት የበረላም ወይዋስፍ መጽሐፍ መሠረቱ የቡድሃ የሕይወት ታሪክ መሆኑን ሊቃውንት መርምረው ገልጸዋል።

ምስሉን የሚመርጥ ሰው አስቀድሞ እጆቹን ይመልከት። ቀኝ እጁ ወደ ምድር የወረደ እንደ ሆነ፥ ፈተናን ድል ባደረገ ጊዜ ምድርን ምስክር መጥራቱን ያመለክታል። ሁለቱ እጆች በጭኑ ላይ የተነባበሩ እንደ ሆነ ተመስጦን፥ መዳፉ ወደ ፊት የተነሣ እንደ ሆነ ደግሞ «አትፍሩ» ማለትን ያሳያል። ሆዱን ገልጦ የሚሥቀው ወፍራም ሰው ግን ቡዳይ የተባለ የቻይና መነኵሴ እንጂ ጎታማ አይደለም።

ከአንገቱ የተቈረጠ ራስ ብቻ ሲሸጥ ያየ ሰው አይግዛ። ከጥንት መቅደስ ተሰብሮ የተሰረቀ ሊሆን ይችላልና። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ታቦቶቻችንና መስቀሎቻችን የተወሰዱብን እኛ፥ የዚህን ነገር ሕማም ከማንም ይልቅ ልናውቀው ይገባናል።

የታይላንድ ሰዎች ምስሉን «ገዛን» ማለትን ነውር አድርገው «ተከራየን» ይላሉ። ከአገራቸውም ይዞ ለመውጣት የሥነ ጥበብ መሥሪያ ቤታቸውን ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል። በስሪ ላንካ በ2004 ዓ.ም. ሦስት የፈረንሳይ አገር ጐብኚዎች ምስሉን ሲስሙ ፎቶግራፍ በመነሣታቸው ፍርድ ቤት ቀርበው፥ አፈጻጸሙ በገደብ የቆየ የስድስት ወር እስራት ተፈርዶባቸዋል። ስለዚህ በቤትም ቢሆን ከፍ ባለና በንጹሕ ቦታ ይቀመጥ እንጂ በወለል ላይ፥ በጫማ አጠገብ ወይም በመታጠቢያ ቤት አይሁን።

አጠባበቁም እንደ ዕቃው ዓይነት ይለያያል። የነሐሱን ምስል በሎሚና በአመድ መፈተግ ጥፋት ነው፤ ጠየም ያለው ገጹ ከዘመን ብዛት የመጣ መከላከያው ነውና። ነገር ግን ደማቅ አረንጓዴ ዱቄት ቢታይበት እርጥበትና ጨው ይበላዋል ማለት ስለ ሆነ፥ ወደ ደረቅ ስፍራ ይዛወርና ለዐዋቂ ይታይ። የእንጨቱ ውሃ አይንካው፤ ከፀሐይና ከምድጃም ይራቅ፤ ነቀዝም እንዳይገባው በየጊዜው ይመርመር። የወርቅ ቅብ ያለበትን በጨርቅ ማሸት ወርቁን ያስለቅቃልና አቧራው በለስላሳ ብሩሽ ብቻ ይራገፍ። የድንጋዩንም በሳሙናና በሆምጣጤ ማጠብ አይገባም። ማንኛውም ምስል ሲነሣ ከሥሩ በሁለት እጅ ይያዝ እንጂ በራሱ ወይም በክንዱ አይያዝ።

ክርስቲያን የሆነ ሰው ለዚህ ምስል አይሰግድም፤ ነገር ግን አያዋርደውም። የእመቤታችን ሥዕል በባዕድ ቤት የጫማ ማስቀመጫ ላይ ተጥላ ብናይ የሚሰማንን እናውቃለን። ለሌላው ሰው ቅዱስ የሆነውን በክብር መያዝ ከገዛ ሃይማኖታችን አንዳች አያጐድልምና፥ ይህን ለማድረግ የማይፈቅድ ሰው ምስሉን ወደ ቤቱ ባያስገባ ይሻለዋል።