መኪኖቻችን አያዩም!

እስቲ ዛሬ ማታ መኪናችሁን ግድግዳ ፊት አቁሙና መብራቱን አብሩት። ፈዘዘ አይደል? አምፖሉን አትስደቡት፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሽፋኑ ነው። ፖሊካርቦኔት የሚባለው ፕላስቲክ መከላከያ ቅቡን ፀሐይ ሲበላው ቢጫ ሆኖ ይደበዝዛል። የአሜሪካው አውቶሞቢል ማኅበር ትሪፕል ኤ እ.ኤ.አ. በ2018 ሲለካው፣ ያረጀው አጭር መብራት የአዲሱን ሩብ ያህል እንኳ አላበራም። እግረኛውን የምናየው ፍሬን የማያድነው ቦታ ላይ ደርሰን ነው ማለት ነው።

እኛስ? በጥርስ ሳሙና እናስፈትገዋለን (ለጥቂት ጊዜ ያብረቀርቃል፣ ቅቡ ግን አይመለስም)። ሲሰለቸን ለሃሎጅን በተሠራው ቤት ኤልኢዲ እንሰካለን። ብርሃኑ ተበትኖ ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ያሳውራል፤ እኛ «አሁን ገና በራ!» እንላለን። ያ ዓይኑ የጠፋ ሾፌር እኮ ወደ እኛው ነው የሚመጣው!

የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ስለታገደ አሮጌዎቹ ገና ብዙ ዓመት አብረውን ናቸው። ዓመታዊ ምርመራው «ይበራል?» ብሎ አይለፈን፤ ምን ያህል እንደሚያሳይና ማንን እንደሚያሳውር ይለካልን።