ወንድም ማለት ወንድ ደም አይደለም

በየጉባኤውና በየልቅሶ ቤቱ ‹‹ወንድም ማለት ወንድ ደም ማለት ነው›› እያሉ የሚያስተምሩ ሰዎች በዝተዋል። ነገሩ ለጆሮ ይጥማል፤ አድማጩም ራሱን ይነቀንቃል። እኛ ግን ትርጓሜው ሐሰት ነው፥ ጕዳትም አለበት እንላለን።

አስቀድመን ድምፁን እንመርምር። ‹‹ደሜ›› ስንል ‹‹ሜ›› ይላላል፤ ‹‹ወንድሜ›› ስንል ግን ይጠብቃል። ቃሉ ከደም የመጣ ከሆነ የላላው ፊደል ስለምን ጠበቀ? የልሳነ ሴም መርማሪዎች እንደሚሉት ሥሩ ‹‹ወልደ እም›› ነው፤ የእናት ልጅ ማለት ነው። ‹‹ል›› በ‹‹ድ›› ፊት ወደ ‹‹ን›› ተለወጠ፤ የጠበቀውም ‹‹ም›› የ‹‹እም›› ነው። ዳዊት የደገመ ሁሉ በ49ኛው መዝሙር ‹‹እኁ››ንና ‹‹ወልደ እም››ን ጎን ለጎን ያገኛቸዋል። የሚያሳዝነው፥ ወንድ ደምን ከሚሰብኩት ብዙዎቹ ዳዊቱን በቃላቸው የሚያውቁ መሆናቸው ነው። ‹‹ዘመድ›› የሚለውም ቃል በግዕዙ ኦሪት መጀመሪያ ለሣርና ለዕፅ ተነግሯል፤ ሣር ደም የለውም።

ክርክሩ የሰዋስው ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ባልን ነበር። ነገር ግን በአሶሳ ገበያ በርታው፥ ኦሮሞውና በ1977 ዓ. ም. ድርቅ ከወሎ የመጣው ሰፋሪ አብረው ይሸምታሉ። ለእነዚህ ሰዎች ወንድምነት በደም ብቻ ነው ብሎ ማስተማር ምን ማለት ነው? በታኅሣሥ 2013 ዓ. ም. በመተከል፥ በቡለን ወረዳ በበኩጂ ቀበሌ ከመቶ የሚበልጡ ሰዎች በአንድ ቀን ተገደሉ። ገዳዮቹ ሰዋስው ተምረው አልተነሡም፤ ወገንንና ባዕድን በደም መለየትን ግን ከልጅነታቸው ሲሰሙ አድገዋል።

በዚያው በመተከል ኦሮሞዎች ከጎረቤቶቻቸው ጋራ ሰላም የሚያጸኑበት ‹‹ሐርማ ሆዳ›› የተባለ ሥርዐት አለ፤ ትርጓሜው ጡት መጥባት ነው። ደገኛውም ‹‹የጡት ልጅ›› የሚለውን ያውቃል። በዚህ ሥርዐት ማንም ደሙን አልለወጠም፤ ነገር ግን እናት አገኘ፥ በእናትም ወንድም አገኘ። ከአማርኛው ቃል ጋራ እንዴት እንደ ተስማማ ልብ ይሏል።

‹‹እንግዲያስ በአባት ብቻ የሚገናኙት ወንድማማች አይባሉምን?›› የሚል ይነሣ ይሆናል። ይባላሉ እንጂ! ቃሉ ከአንዲት ማሕፀን ወጥቶ ሌላዪቱ እናት ለወለደችው ከሰፋ ቈይቷል። ወንድ ደም የሚሉት መምህራን መልስ ካላቸው፥ ያንን የጠበቀ ‹‹ም›› ከየት እንዳመጡት በዚሁ ገጽ ይጻፉልን።